ማንም የማይኖርበት ባሕር? በኢኑይት ውኃዎች ላይ ለግምገማ ስለሚቀርብ ፕሮፖዛል የተደረገ ክርክር

ክሩን የከፈተው ሞንትሪያል በሚገኝ አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ወጣት መሐንዲስ ነው፤ መድረኩም በካናዳ በምሕንድስና፣ በማዕድንና በአካባቢ ጥበቃ ሥራ የተሰማራን አማርኛ ተናጋሪዎች ስለ ሙያችን የምንነጋገርበት ነው። ጥያቄው ሲታይ ቀላል ነበር። ድርጅቱ በሰሜን ኬቤክ ጫፍ፣ ሳሉዊት ከተባለችው የኢኑይት (የአርክቲክ ነባር ሕዝብ) መንደር ፊት ለፊት ባለው የሀድሰን ሰርጥ፣ ከመርከብ ላይ በሶናር (በድምፅ ሞገድ) የባሕሩን ወለል ለመለካትና የደለል ናሙና ለማውጣት አስቧል፤ የነዳጅ ማስቀመጫና አነስተኛ የሠራተኞች ካምፕ ደግሞ በባሕሩ ዳር ይተከላል። ሰነዱን የማዘጋጀቱ ሥራ በእሱ ላይ ስለወደቀ፣ ፕሮፖዛሉ መጀመሪያ ለማን እንደሚገባና የፌዴራል ፈቃዶቹን ጎን ለጎን መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ክሩ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። እሱ ግን አስተያየት አከለበት፦ የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ዓሣውን፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ መርከቧን ካዩ ወዲያ ሦስተኛ ቦርድ ያንኑ ወረቀት የሚያገላብጥበት ምክንያት እንዳልታየው፣ ቦታውም ባሕር እንጂ ሰው የሚኖርበት መሬት አለመሆኑን ጻፈ። ክሩን ያስረዘመችው ይህቺ የመጨረሻዋ ሐረግ ናት።

መልስ 1 ጨዋ ነበር። ጸሐፊዋ በሰሜን ካናዳ አንድ ወጥ የኢኑይት የግምገማ ሥርዓት እንደሌለ፣ ሁሉም ነገር መርከቧ በምትቆምበት ነጥብ ላይ እንደሚወሰን አስረዳች። ሥርዓቱ የሚመነጨው ኢኑይት ስለ መሬትና ባሕር መብታቸው ከመንግሥት ጋር ከተፈራረሟቸው ስምምነቶች ነው። በምዕራብ፣ በቦፎርት ባሕር በኩል፣ የ1984ቱ የኢኑቪያሉይት (የምዕራቡ ኢኑይት) ስምምነት የራሱ የማጣሪያ ኮሚቴና የራሱ የግምገማ ቦርድ አለው፤ በኑናቩት የ1993ቱ ስምምነት፣ በላብራዶር የ2005ቱ፣ በኑናቪክ (በሰሜን ኬቤክ ባለው የኢኑይት አገር) ዙሪያ ባለው ባሕር ላይ ደግሞ በታኅሣሥ 2006 የተፈረመውና በሐምሌ 2008 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ይሠራል። (በክሩ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ኋላ ከማነሳው አንድ አዋጅ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ከሁሉ በፊት የመርከቧን መንገድ በካርታ ላይ እንዲያስቀምጥ መከረችው።

መልስ 2 ይህን ተቀብሎ አንድ እርማት አከለ፤ በእኔ እምነት በክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። ኑናቪክ ስንል ሁለት ነገር እንቀላቅላለን፤ ምድሩ የኬቤክ አካል ሲሆን የ1975ቱ የጄምስ ቤይና የሰሜን ኬቤክ ስምምነት ይመለከተዋል፤ የባሕሩ ግን ከላይ የተጠቀሰው የ2006ቱ ነው። ከባሕሩ ዳር ፈንጠር ብለው የሚገኙት ደሴቶች ደግሞ የኬቤክ አይደሉም፤ በአስተዳደር የኑናቩት ግዛት ናቸው፤ ከእነዚህ ደሴቶች ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን ስምምነቱ ለኑናቪክ ኢኑይት በባለቤትነት ሰጥቷል። ከዚህ የተነሣ መርከቧና ሶናሩ ለባሕር ክልሉ ቦርድ፣ በባሕሩ ዳር የሚተከለው ካምፕ ግን በምድሩ በኩል ላለው ለካቲቪክ የአካባቢ ጥራት ኮሚሽን ሊቀርቡ ይችላሉ። ማዕበሉ እየወጣና እየሸሸ በሚያጥበው ጠርዝ ላይ የነዳጅ በርሜል የሚያስቀምጥ ሰው በየትኛው ወገን እንደቆመ አስቀድሞ ማወቅ አለበት ሲል ደመደመ።

መልስ 3 ወደ ቅደም ተከተሉ ገባ። ፕሮፖዛሉ በመጀመሪያ የሚገባው ለዕቅድ ኮሚሽኑ ነው። ኮሚሽኑ የጸደቀ የአጠቃቀም ዕቅድ ባለበት ቦታ ሐሳቡ ከዕቅዱ ጋር መጣጣሙን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ለተፅዕኖ ገምጋሚው ቦርድ ይተላለፋል። በኑናቩት ይህ አካሄድ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የዕቅድና የፕሮጀክት ግምገማ ሕግ ተደንግጓል፤ ኮሚሽኑም 45 ቀን፣ ቦርዱም ለማጣራት 45 ቀን ተሰጥቷቸዋል። የማጣራቱ ውጤት ከአራት አንዱ ነው። ወይ ፕሮጀክቱ በተወሰኑ ግዴታዎች ታስሮ ያልፋል፤ ወይ ሙሉ ግምገማ ያስፈልገዋል ይባላል፤ ወይ መግለጫው ያልበሰለ ስለሆነ ተብራርቶ ይምጣ ተብሎ ይመለሳል፤ ወይም እንዲሻሻል አለዚያም እንዲተው ይመከራል። የኑናቪኩ ስምምነት የግምገማ ምዕራፍም በዚሁ መልክ የተቀረጸ ነው። ፈቃዶቹን በሚመለከት መልሱ አጭር ነበር፤ ማመልከቻውን ጎን ለጎን ማስገባት ይቻላል፣ ግምገማው ሳያልቅ ግን ማንኛውም መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ቆርጦ መስጠት አይችልም።

በመልስ 4 ጠያቂው አመስግኖ፣ የእነሱ ሥራ ጥናት ብቻ ስለሆነ ከማጣራት ነፃ ከሆኑት ዝርዝር ውስጥ ይገባ እንደሆነ ጠየቀ። መልስ 5 ዝርዝሩ መኖሩን አረጋግጦ ጠባብነቱን አሳየው። በኑናቩት ስምምነት ነፃ የሚባሉት በማዘጋጃ ቤት ክልል ውስጥ ያሉ ተራ ሕንፃዎች፣ ከክልሉ ውጭ ደግሞ ከ20 አልጋ የማይበልጡ የእንግዳ ማረፊያዎችና ሌሎች ይህን መሰል ጥቃቅን ሥራዎች ናቸው፤ ነዳጅ የጫነች መርከብ ይዞ በሶናር ባሕር መለካት ከዚህ ጋር አይመሳሰልም። ይኸው ሰው ሦስተኛ ቦርድ ለምን አስፈለገ ለሚለውም መልስ ሰጠ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ቁራሽ ሲያዩ፣ ቦርዱ እንስሳውን፣ አደኑንና የመንደሩን ኑሮ አንድ ላይ ያያል። ከሁሉ በላይ በሕዝብ ዘንድ ብርቱ ሥጋት መቀስቀሱ ብቻ ፕሮጀክቱን ወደ ሙሉ ግምገማ ለማስገባት በቂ ምክንያት መሆኑን አስታወሰው፤ ይህ መመዘኛ በመሐንዲስ ስሌት የሚታለፍ አይደለም።

መልስ 6 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ራሱን በመርከብ ኪራይ ሥራ ላይ እንዳለ የገለጸ ሰው፣ ከላይ ያሉት ሁሉ ሕግ ያነበቡ እንጂ ሒሳብ የከፈሉ እንዳልሆኑ በግልጽ ጻፈ። በረዶው የሚከፈተው በበጋ ጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሰነድ ለማብራሪያ ቢመለስ የሚጠፋው ሳምንት ሳይሆን ዓመት ነው፤ መርከቧ ግን ወደብ ላይ ቆማም ትከፈላለች። ብዙዎች ተቆጡበት፤ ነገር ግን ያለው እውነት ነው፣ ከመልሱ በኋላ የመጡትም ቢሆኑ ይህን ነጥብ አላፈረሱትም።

መልስ 7 የጻፈችው ሴት የምትጠቀምበት ቃል ለስላሳ፣ ፍሬ ነገሩ ግን ጠንካራ ነበር። ለዓመታት እንዲህ ያሉ ሰነዶችን ስታዘጋጅና ስትገመግም እንደቆየች ተናግራ፣ መዘግየቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከቦርዱ ሳይሆን ከአቅራቢው ገጽ መሆኑን በአንድ ምሳሌ አሳየች። ስሙን ያልጠቀሰችው አንድ አማካሪ ድርጅት ያቀረበው መግለጫ ዘጠና ገጽ ያህል ነበረው፤ የሥራው ቦታ ግን በአንድ ካርታ ላይ በቀይ መስመር የተከበበ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር። በአራት ማዕዘኑ ውስጥ የአንድም ደሴት ወይም ራስ ምድር የኢኑክቲቱት (የኢኑይት ቋንቋ) ስም አልሰፈረም፤ መርከቧ በየትኛው መስመር ገብታ በየትኛው እንደምትወጣ አይታይም፤ የሥራው ጊዜ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ተብሎ ታልፏል። ማኅበረሰቡን ስለማማከር በተጠየቀበት ሣጥን ውስጥ የተጻፈው ደግሞ ኢሜይል የተላከበት ቀን ነበር፤ መልስ መምጣቱ አልተገለጸም። እንዲህ ያለ ሰነድ ሲመለስ ቦርዱ ያዘገየ መባሉ እንደሚያስገርማት ጽፋ፣ በኑናቩት ቴክኒካዊ ያልሆነውን አጭር መግለጫ በኢኑክቲቱትም ማቅረብ ግዴታ እንደሆነ፣ ትርጉሙም በመጨረሻው ሳምንት የሚታሰብ ሥራ እንዳልሆነ አከለች።

መልስ 8 ክላይድ ሪቨር የተባለችውን የኑናቩት የኢኑይት መንደር ጉዳይ አነሣ፤ በባፊን ባሕረ ሰላጤና በዴቪስ ሰርጥ ሊደረግ የነበረውን የነዳጅ ፍለጋ የሴይስሚክ ጥናት (በድምፅ ሞገድ ከባሕሩ ወለል ሥር ያለውን የሚመረምር) የኑናቩት ቦርድ አጽድቆት ፍርድ ቤት እንደሻረው ጻፈ። መልስ 9 ወዲያው አረመው። ጥናቱ የታሰበው ከስምምነቱ ክልል ውጭ ባለ ውኃ ላይ ስለነበር ገምጋሚውም ፈቃድ ሰጪውም በ2014 የፌዴራሉ የኢነርጂ ቦርድ ነበር፤ የኑናቩቱ ቦርድ እጁ የለበትም። ከክልሉ ውጭ ቢሆንም ግን ጥናቱ በዚያ ውኃ ውስጥ በሚመላለሱት እንስሳት በኩል በስምምነቱ የተረጋገጠውን የአደን መብት ሊነካ ስለሚችልና ምክክሩም በቂ ስላልነበረ፣ የካናዳ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በሐምሌ 26 ቀን 2017 ፈቃዱን ሽሮታል።

መልስ 10 በዚህ ጉዳይ ላይ ቆይታ አደረገ፤ እኔም እዚህ ላይ ልቆይ፤ ሰነድ እንዴት እንደማይቀርብ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅምና። የኩባንያዎቹ ተወካዮች ወደ መንደሮቹ በሄዱ ጊዜ አዳኞቹ የጠየቁት ቀላል ነገር ነበር፤ ከመርከቡ የሚለቀቀው የአየር ፍንዳታ በዓሣ ነባሪዎችና በሌሎቹ የባሕር አጥቢዎች ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ፈለጉ። ተወካዮቹ በስብሰባው ላይ ሊመልሱ አልቻሉም። መልሱ የመጣው ከወራት በኋላ 3,926 ገጽ ባለው ሰነድ ነው፤ ሰነዱ በድረ ገጽ ላይ ተለጠፈ፣ ወደየመንደሩ ጽሕፈት ቤትም ተላከ። ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት አገር ያን ያህል ፋይል ማውረድ ራሱ ፈተና ነው፤ ወደ ኢኑክቲቱት የተተረጎመውም ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ለመንደሩ ሰዎች የተሳትፎ ገንዘብ አልተመደበላቸውም፣ በቃል የሚሰሙበት ችሎትም አልተዘጋጀም። ፍርድ ቤቱ መንግሥት የማማከር ግዴታውን በተቆጣጣሪ ቦርድ በኩል ሊወጣ እንደሚችል አልካደም፤ ይህ ግን ምክክር አልነበረም ሲል ወሰነ። የመልስ 10 ጸሐፊ ለመልስ 6 ባለቤት አንድ ጥያቄ ትቶለት አለፈ፤ ከአንድ የጠፋ በጋና ከተሻረ ፈቃድ የትኛው እንደሚከብድ እንዲያሰላ።

መልስ 11 በምሬት የተሞላ ነበር። ጸሐፊው እንዲህ ከሆነ ቦርዶቹ ማንኛውንም ልማት እንዳሻቸው የማስቆም ሥልጣን ይዘዋል ማለት ነው ብሎ፣ በኑናቩት፣ በባፊን ደሴት ያለውን የሜሪ ሪቨርን የብረት ማዕድን ማስረጃ አደረገ። መልስ 12 ቀዝቀዝ ብሎ መለሰለት። ቦርዱ ይመክራል፣ የሚወስነው ሚኒስትሩ ነው። የሜሪ ሪቨር ማዕድን ራሱ በቦርዱ በኩል አልፎ በ2012 የፕሮጀክት የምስክር ወረቀት ያገኘ ነው። ክርክሩ የመጣው ኩባንያው በዓመት ከ6 ሚሊዮን ወደ 12 ሚሊዮን ቶን ለማሳደግና እስከ ሚልን ኢንሌት ድረስ 110 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት በጠየቀ ጊዜ ነው። በመርከቦቹ ብዛት ናርዋል የሚባለው ባለ ረጅም ጥርስ ዓሣ ነባሪ ከአካባቢው እየሸሸ ነው ያሉት አዳኞች በየካቲት 2021 የማዕድኑን የአውሮፕላን ማረፊያ ዘግተው ነበር። ቦርዱ በግንቦት 2022 ፕሮጀክቱ እንዳይጸድቅ መከረ፤ ሚኒስትር ዳን ቫንዳልም በዚያው ዓመት ኅዳር ምክሩን ተቀብለው ሐሳቡን ውድቅ አደረጉ። መልስ 13 በአንጻሩ ኢኑይት ሁሉ አንድ ቃል ናቸው ብሎ መናገር ትክክል እንዳልሆነ፣ በማዕድኑ ተቀጥረው ደመወዝ የሚያገኙ፣ የሮያሊቲውም ገንዘብ የሚያስፈልጋቸው የአካባቢው ተወላጆች መኖራቸውን አስገነዘበ። ሚዛናዊ አስተያየት ነበር፤ እንዳለመታደል ማንም አልተከተለውም።

ከ14 እስከ 16 ያሉት ወደ አገር ቤት ሄዱ። አንዱ የኢትዮጵያ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ሕዝብን ማሳተፍ እንደሚያዝ፣ በተግባር ግን ሰነዱ ከፈቃዱ በኋላ ሲዘጋጅ ማየቱን ጻፈ፤ ሁለተኛው ይህን አስተባብሎ ሌላ ዘርፍ ጠቀሰ፤ ሦስተኛው ከሁለቱም ጋር ተጣላ። መልስ 17 ላይ የመድረኩ ኃላፊ ጣልቃ ገብታ፣ የኢትዮጵያው ጉዳይ የራሱ ክር ይከፈትለት፣ እዚህ ግን ወደ ባሕሩ እንመለስ ስትል ጠየቀች።

መልስ 18 ተመለሰ፤ አመላለሱ ግን ጎርበጥባጣ ነበር። ጸሐፊው በመክፈቻው ላይ ስለ ሰው አልባው ባሕር የተጻፈውን አንሥቶ፣ ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለውን ተረት ወረወረበት። ከዚያ ግን ፍሬ ያለው ነገር ጻፈ። ባሕሩ ለዓመቱ ብዙ ክፍል በረዶ ነው፤ በረዶውም መንገድ ነው፤ ሰዎች በበረዶ ሞተር ወደ አደን ቦታና ወደ ጎረቤት መንደር የሚሄዱት በላዩ ነው። በረዶ ሰባሪ መርከብ ሲያልፍ የተከፈተው ቦይ እንደገና እስኪጠነክር ድረስ ያ መንገድ ተቆርጧል ማለት ነው። በኑናቩት ስምምነት ከባሕሩ ዳር ጋር ተያይዞ የቆመው በረዶ ከውኃው ተለይቶ በስሙ የተጠቀሰውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ አመለከተ። ስለ ሀድሰን ሰርጥም የሚያውቀውን ነገረው፤ በጋውን በምሥራቅ ሀድሰን ባሕረ ሰላጤ አሳልፈው ለክረምት የሚወጡት ቤሉጋዎች (ነጫጭ ዓሣ ነባሪዎች) በመከር ወራት የሚያልፉት በዚያው ሰርጥ ነው። ቁጥራቸው የሚያሰጋ በመሆኑ የሚታደኑት በገደብ ነው፤ የሳሉዊትና የጎረቤቷ የኢቩጂቪክ አዳኞችም በዚያ ወቅት ያድኗቸዋል። እንግዲህ በመልስ 7 እንደተጠቀሰው ዓይነት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ ሶናር ማንን እንደሚያገኝ መገመት አያዳግትም።

በመልስ 19 የክሩ ባለቤት ተቆጣ። ጥያቄ የጠየቀ ሰው እንደ ወራሪ መታየት እንደሌለበት፣ እሱ የሚያስገባው የነዳጅ ፍለጋ የአየር ፍንዳታ ሳይሆን የሳይንስ መሣሪያ መሆኑን ጻፈ። መልስ 20 ይህን መከራከሪያ አልተቀበለችም። ሳይንስ መባሉ እንደማያድን የሚያሳየው የ2010ሩ ጉዳይ ነው፤ የካናዳ መንግሥት ተመራማሪዎች ከጀርመኑ የምርምር መርከብ ከፖላርሽተርን ጋር በላንካስተር ሳውንድ ሊያደርጉት የነበረውን የሴይስሚክ ጥናት የቂቂቅታኒ ኢኑይት ማኅበር በፍርድ ቤት እግድ አስቁሞታል። ሆኖም የመሣሪያዎቹ ልዩነት እውነት ከሆነ በሰነዱ ውስጥ ሊታይ እንደሚገባ አስተዋለች፤ የሶናሩ ድግግሞሽና የድምፁ ኃይል፣ ድምፁ እስከ ምን ያህል ርቀት እንደሚሰማ፣ ዓሣ ነባሪ ሲታይ ማን አይቶ ማን እንደሚያስቆመው ተለይቶ ይጻፍ አለች። መልስ 7 ላይ እንደተነገረው ዓይነት አራት ማዕዘን ሳይሆን የመርከቧን መስመሮች እንዲያሰፍር፣ ጊዜውንም በሳምንት ከፋፍሎ እንዲያሳይ፣ ለአዳኞች ማኅበሩም ከኢሜይል በፊት ስልክ እንዲደውል መከረችው። ሰዎቹ በአደን ወቅት ከመንደር ስለሚወጡ ስብሰባውን በእነሱ ቀን መያዝ ግድ ነው።

መልስ 21 ሌላ የተረሳ ነገር አመጣ፤ የመብት ክልሎቹ ይደራረባሉ። በሀድሰን ሰርጥ የኑናቪክና የኑናቩት ኢኑይት በእኩልነት የሚጠቀሙባቸው አካባቢዎች አሉ፤ ኖቲንግሃምና ሳልዝበሪ ደሴቶች በዚህ ይታወቃሉ። ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ በ2010 የተፈረመው፣ ሌላ የካናዳ ነባር ሕዝብ የሆነው የክሪ ሕዝብ የባሕር ክልል ስምምነት ይገጥማል። መርከቧ ከሳሉዊት ፊት ለፊት ብቻ ከሠራች የክሪው አይመለከታትም፤ ወደ ሰሜን ወደ ደሴቶቹ ከተጠጋች ግን የምትነጋገርበት ወገን ይጨምራል። መልስ 22 የመርከብ ኪራዩ ሰው ነበር፤ ካርታው እየሰፋ በሄደ ቁጥር ወጪው እንደሚያድግ በድጋሚ አማርሮ፣ ነገር ግን ቀጣዩን የኪራይ ውል ከማጣሪያው ውጤት በፊት እንደማይፈርም አስታወቀ።

መልስ 23 ላይ ጠያቂው የተሻሻለ ዕቅድ ይዞ መጣ። የባሕር ላይ ሥራው በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ተጀምሮ በመስከረም መግቢያ ያልቃል፤ መስመሮቹ ከኖቲንግሃም ደሴት በደቡብ ርቀው ይሄዳሉ፤ ፕሮፖዛሉ በመጀመሪያ ለዕቅድ ኮሚሽኑ ይገባል፤ የፌዴራል ማመልከቻዎቹም በዚያው ቀን ይላካሉ፣ ፈቃዱ ግን ከማጣሪያው በኋላ ይጠበቃል። ከሳሉዊት አዳኞች ጋር የስልክ ቀጠሮ መያዙንም ገለጸ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ነዳጁ ከመሬት ተነሥቶ በመርከቧ ላይ ቢቀመጥ በምድሩ በኩል ያለው ግምገማ ይቀርለት እንደሆነ።

መልስ 24 የመልስ 2 ጸሐፊ ነበር። ካምፑ ራሱ እስካለ ድረስ የነዳጁ መነሣት ብቻውን የምድሩን ጥያቄ እንደማይዘጋ፣ ሠራተኞቹ መርከቧ ላይ ካደሩና በባሕሩ ዳር ምንም ካልተተከለ ግን ነገሩ እንደሚቀልለት መለሰ። በዚያ ላይ ያ ሁሉ ነዳጅ ወደ ባሕር ስለተዛወረ ለባሕሩ ቦርድ በሚገባው መግለጫ ውስጥ የነዳጅ መፍሰስ መከላከያ ዕቅዱ አሁን ካለው አንድ አንቀጽ በላይ ሊሆን እንደሚገባ አሳሰበው፤ በአጭሩ መግለጫ ላይም፣ በኢኑክቲቱቱ ጭምር፣ መርከቧ የምትይዘው የነዳጅ መጠን በሊትር እንዲጻፍ ጠየቀው።